መጫወቻው ባቡርና የቤታችን ኤሌክትሪክ

የልጆች መጫወቻ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ከጨርቅ የተሰፋች አሻንጉሊት፣ ከካልሲ የተጠቀለለ ኳስ ወይም ከቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራች መኪና ነው። እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አላቸው። ልጅ ቢጥላቸው፣ ቢረግጣቸው ወይም ፈታትቶ ቢበታትናቸው እናትን አያስደነግጡም። ወደ አንዳንዱ ቤት ግን ሌላ ዓይነት መጫወቻም ይገባል። ይኸውም አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር አጎት ወይም አክስት ለልጆች የሚልከው፣ በሐዲዱ ላይ እየዞረ የሚሮጠው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው።

ባቡሩ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ ሲሮጥ ማየቱ ብቻ ያስደስታል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጅ ጥያቄ ያመጣል። «ጣቢያው ለምን መብራት የለውም? መንገዱ ዳር ለምን አምፑል አናቆምም? ባቡሩ ሲደርስ ቀይ መብራት ለምን አይበራም?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሽቦ ፍለጋ ይጀመራል። መሳቢያ ይከፈታል፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይወጣል፣ አሮጌ ሬዲዮ ይፈታል።

ለመሆኑ እርስዎ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? አንዳንዶቻችን «እጅህን አንሣ፣ ይነዝርሃል!» ብለን ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ እንሰቅለዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ያውቅበታል» ብለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ሁለቱም መንገድ አያዋጣም። የመጀመሪያው ልጁን ከዕውቀት ያርቀዋል፤ ሁለተኛው ለአደጋ ያጋልጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ፍርሃታችንን በቦታው ማስቀመጥ ነው። በመጫወቻው ባቡር ላይ ይህ ቦታ አንድና የታወቀ ነው፤ እርሱም ትራንስፎርመሩ ነው። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለው የአዋቂ ሥራ ነው፤ ወዲህ ያለው ግን ለልጅ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

የመጫወቻው ባቡር አመጣጥ

በስፋት ከሚታወቁት የባቡር መጫወቻ ሠሪዎች አንዱ የጀርመኑ ማርክሊን ነው። መነሻውም ከሴቶች ዓለም የራቀ አልነበረም። ጎፒንገን በተባለችው ከተማ ቴዎዶር ማርክሊን የተባለ የቆርቆሮ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1859 ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ ጥቃቅን የወጥ ቤት ዕቃዎችን መሥራት ጀመረ። ባለቤቱ ካሮሊን ዕቃውን ይዛ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረች ትሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ባሏ ሲሞትባትም ሥራው እንዳይበተን ይዛ ያቆየችው እርሷ ነበረች። ልጆቿ ከተረከቡት በኋላ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ ተጠምዝዞ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ።

ኤሌክትሪክ በየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን አንዳንዶቹ የመጫወቻ ባቡሮች የግድግዳውን ኃይል በአምፑል በኩል ብቻ እያሳለፉ ወደ ሐዲዱ የሚያደርሱ ነበሩ። ልጆች በእጃቸው የሚነኩት ሐዲድ ከግድግዳው ኃይል ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው። አደገኛነቱ ስለታወቀ ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1926 በ20 ቮልት የሚሠራውን ባቡር አወጣ። ዛሬ በየአገሩ የሚሸጡት የመጫወቻ ባቡሮች የሚሠሩት በዝቅተኛ ቮልት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ12 እስከ 20 ባለው መካከል ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋው መጠን የእውነተኛው ባቡር አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ነው። በዚህ መጠን 20 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለው ትልቅ ትርኢት የተሠራው በዚሁ መጠን ነው። እዚያ አዳራሹ በየጊዜው ይጨልምና የከተሞቹ መብራት በየመስኮቱ ይበራል። ልጆቻችን በቤት ውስጥ ሊሠሩት የሚፈልጉትም የዚሁ ታናሽ ነው።

ባቡር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በምድር ባቡር ሠራተኛ ደመወዝ ያደጉ ስንቶች ናቸው! በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ተመርቀዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ከባቡሩ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ እያየ አድጓልና «ኃይሉ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ ሊያስገርመን አይገባም።

ወዲያና ወዲህ

ቮልት ማለት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። ከፎቅ ላይ ታንከር የሚወርድ ውሃ ከጀበና ከሚንቆረቆረው የበለጠ ኃይል እንዳለው ሁሉ፣ ከፍ ያለ ቮልትም በሰውነታችን ውስጥ ለማለፍ የበለጠ ኃይል አለው። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይይዛል። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። መጫወቻው ባቡር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ቮልት አያልፍም። ስለዚህ በደረቅ እጅ ቢነካ አይነዝርም፤ ሰው የሚገድለው ግን የሶኬቱ 220 ነው።

በሁለቱ መካከል የቆመው ትራንስፎርመሩ ነው። ይህ ዕቃ በብረት ልብ ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ ጥቅል ከግድግዳው፣ ሌላው ከባቡሩ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ጥቅሎች እርስ በርሳቸው አይነካኩም። ኃይሉ የሚሻገረው በብረቱ ውስጥ በሚፈጠረው የማግኔት ጉልበት ነው። በሌላ አነጋገር ትራንስፎርመሩ በሩ የተዘጋ አጥር ነው፤ ሥራ ያሳልፋል እንጂ 220ውን አያሳልፍም። ዛሬ የሚመጡት ቀለል ያሉ አዳፕተሮች አሠራራቸው ቢለይም የሚጠብቁት አጥር ይኸው ነው።

የአዋቂ ድርሻ

አንደኛ፤ ትራንስፎርመሩ ከግድግዳ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በእንግሊዝኛ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር 220፣ 230 ወይም ከ100 እስከ 240 ከሆነ ለእኛ አገር ይሆናል። 110 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ግን ለአሜሪካ የተሠራ ነውና እንዳለ አይሰካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የስፒና ቅርጽ መለወጫ እግሩን ከእኛ ሶኬት ጋር ያስማማል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም።

በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር የሁለት ልጆች እናት ይህን በዓይኗ አይታለች። ከአሜሪካ የተላከው ባቡር በቅርጽ መለወጫው አማካይነት እንደተሰካ ሞተሩ ከልክ በላይ ፈጠነ፤ ባቡሩም መታጠፊያው ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ልጆቹ ሳቁ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸት ጀመር። እርሷም ትራንስፎርመሩን ሳትነካ ወደ ቆጣሪው ሮጣ ኃይሉን አቋረጠች። የግድግዳው ኃይል ዕቃው ከሚችለው ሁለት እጥፍ ስለሚጠጋ ወደ ባቡሩ የሚወጣውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ጥቅሉም ይግላል። መፍትሔው ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ በቂ አቅም ያለው ማስተካከያ መጠቀም፣ ወይም ያንኑ ቮልት የሚሰጥ በ220 የሚሠራ ዕቃ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፤ የሁለት ትራንስፎርመሮችን ሽቦ ፈጽሞ አያገናኙ። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራል። በ16 ቮልቱ በኩል ኃይል ቢገባበት በስፒናው በኩል ወደ 220 የሚጠጋ ቮልት ያወጣል። ሁለት ትራንስፎርመሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ተያይዘው ሳለ ልጁ አንዱን ከግድግዳ ቢነቅል፣ የነቀለው ስፒና እግሮች በእጁ ላይ ሆነው ኃይል አላቸው። የተነቀለ ስፒና ይነዝራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ ለባቡሩ አንድ፣ ለመብራቱ ሌላ ቢኖር እንኳ ሽቦዎቻቸው የትም ቦታ እንዳይገናኙ ያድርጉ።

ሦስተኛ፤ ትራንስፎርመሩ አይፈታም። ገመዱ የተላጠ፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የነካው ከሆነ ለባለሙያ ይሰጥ ወይም ይጣል። ሲሠራ ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ይነቀል። ከብርድ ልብስ ሥር፣ ከመጋረጃ አጠገብ ወይም በተዘጋ ሣጥን ውስጥም አይቀመጥ።

አራተኛ፤ ሽቦ በሚቀጠልበት ጊዜ ስፒናው ከግድግዳ መነቀል አለበት። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ይህን ልጁ ልማድ እስኪያደርገው ድረስ እርስዎ ይሰኩ፣ እርስዎ ይንቀሉ።

የልጅ ድርሻ

ከዚህ በኋላ ያለው የሚያስደስት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የመብራቱን ኃይል ከባቡሩ ኃይል መለየት ነው። ከላይ የጠቀስናት እናት ቤት የሆነውን እንንገርዎ። ትክክለኛው ትራንስፎርመር ከተገኘ በኋላ ወንዱ ልጅ የጣቢያውን አምፑል ከሐዲዱ ጋር አያያዘው። ባቡሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፤ ባቡሩ ሲቆም ጣቢያው ይጨልማል። ልጁ «ይህም ትራንስፎርመር ተበላሽቷል» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። የ12 ዓመቷ እኅቱ ግን ስፒናው መነቀሉን አይታ ሽቦውን ከአምፑሉ ጀምራ በጣቷ ትከተለው ጀመር። አያትየዋ «አንቺ ደግሞ የወንድ ሥራ ውስጥ ምን አገባሽ፣ ነይ ሽንኩርት ላጪ» ቢሏት «እማማ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» ብላ ቀጠለች። ሽቦው ሐዲዱ ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባት። ሐዲዱ ላይ ያለው ኃይል ባቡሩን ለማፍጠንና ለማዘግየት ከፍና ዝቅ የሚል ነው፤ መብራት ግን የማይለዋወጥ ኃይል ይፈልጋል። ከትራንስፎርመሩ ጎን ለመብራት ብቻ የተዘጋጁ ሌሎች ሁለት መውጫዎች ነበሩና ሽቦውን ወደዚያ አዛወረችው። ሽንኩርቱን በዚያ ቀን ወንድሟ ልጧል።

ሁለተኛው ትምህርት ዋና መስመር መዘርጋት ነው። ሐዲዱ የተቸነከረበት ኮምፔንሳቶ ሥር ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ አምፑል አንድ እግሩን ከአንደኛው፣ ሌላውን ከሁለተኛው ሽቦ ላይ ይቀጥላል። ልክ እንደ መንደር የውሃ ቧንቧ ነው፤ ሁሉም ቤት ከዋናው ይቀዳል እንጂ አንዱ ከሌላው ቤት አይቀዳም። አምፑሎቹ አንዱ ከሌላው ተከታትለው ቢቀጠሉ ግን ግፊቱን ይከፋፈሉትና ሁሉም ይደበዝዛሉ፤ አንዱ ሲቃጠል ደግሞ ሁሉም ይጠፋሉ። ሽቦዎቹን በቀለም መለየትም ብዙ ድካም ያድናል። በማርክሊን ልማድ ቀይ ለሐዲዱ ኃይል፣ ቡኒ ለመመለሻው፣ ቢጫ ለመብራት፣ ሰማያዊ ለሐዲድ ማቀያየሪያ ነው። ሌላ ቀለም ቢመርጡም ግድ የለም፤ ዋናው ነገር ዛሬ የተመረጠው ቀለም ነገም ያው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የሒሳብ ነው፤ እናቶች ከደመወዝና ከወጪ ጋር ስለምናገናኘው ለማስረዳት አይከብደንም። ትራንስፎርመሩ ለመብራት 16 ቮልት ይሰጣል፣ አቅሙም 16 ቮልት አምፔር ነው እንበል። 16ን ለ16 ስናካፍል 1 አምፔር ይሆናል። ይህ ደመወዙ ነው። አንዲት የባቡር ጣቢያ አምፑል 0.05 አምፔር ብትወስድ 20 አምፑል ሙሉ ደመወዙን ይጨርሳል። አስተዋይ ሰው ደመወዙን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እንደማያጠፋ ሁሉ፣ በ16 አምፑል ላይ መቆም ይሻላል።

ኤል ኢ ዲ የምትባለው አነስተኛ መብራት የምትወስደው በጣም ትንሽ ስለሆነ ዛሬ የምትመረጠው እርሷ ናት። ሆኖም ሁለት ጠባይ አላት። የምታልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ቀጥታ ኃይል የሚሰጥ አዳፕተር ያስፈልጋታል፤ ረጅሙ እግሯም ወደ ፖዘቲቭ ይሆናል። በተጨማሪም ልክ ስለማታውቅ ኃይሉን የሚመጥን ሬዚስተር ካልተቀጠለላት ወዲያው ትቃጠላለች። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አዳፕተሩ 12 ቮልት ቢሆንና ነጯ መብራት 3 ቮልት ብትፈልግ የሚተርፈው 9 ቮልት ነው። 9ን ለ0.01 አምፔር ስናካፍል 900 ኦም ይመጣል። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው 1,000 ኦም ነውና እርሱ ይሆናል፤ ቡኒ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለበት ያለው ነው።

አራተኛው ትምህርት ስለ ሐዲድ ማቀያየሪያው ነው። ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በትንሽ የሽቦ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉም ኃይል የሚፈልገው ለቅጽበት ብቻ ነው። በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ተይዞ ቢቆይ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ጣት ሲነሣ ራሱ የሚመለስ፣ እንደ በር ደወል ያለ መጫኛ ይደረግለት።

እሳትን አይርሱ

ከትራንስፎርመሩ ወዲህ የሚነዝር የለም ማለት የሚያቃጥል የለም ማለት አይደለም። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ቢነካኩ ወይም ካቻቢቴ ሐዲዱ ላይ ቢጋደም ቀጭኑ ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ከሥሩ ካርቶን ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ካለ ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ ከመብራት መውጫው ቀጥሎ የ1 አምፔር ፊውዝ ይግባ። እያንዳንዱ ቅጥያ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሸፈን። በእርሳስ መበየድ አስፈላጊ ከሆነ መስኮት ተከፍቶ አዋቂ ይሥራው፤ መበየጃው ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እርሳሱም መርዛማ ስለሆነ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለልጆች ግን በብሎን የሚጠብቀው የሽቦ ማገናኛ ይበቃቸዋል።

ከሁሉም የሚብሰው አደጋ ሌላ ነው። በ12 ቮልት መብራት ማብራት የቻለ ልጅ የግድግዳውንም የሚያውቀው ሊመስለው ይችላል። የሽቦው ቀለም ያው ነው፣ የሚይዘው ካቻቢቴም ያው ነው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕጉን በግልጽ ይንገሩት፤ በየጊዜውም ራሱ እንዲደግምልዎ ያድርጉ። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ የእርሱ ነው፣ ግድግዳው ግን የአዋቂ ነው። ከዚህ ሕግ አንድ ጊዜ ካለፈ ጨዋታው ለተወሰነ ጊዜ ይቁም።

ምናልባት አንድ ሰው የግድግዳው ኃይል ቢይዘው በእጅዎ አይጎትቱት፤ እርስዎንም ይይዛል። በመጀመሪያ ከቆጣሪው ኃይሉን ያቋርጡ። ይህ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ሽቦውን ያርቁ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ባቡር ለሌለው ቤትስ?

«ባቡር የሚልክልን ዘመድ የለንም» የሚሉ አንባቢያን ቅር አይበላችሁ። ትምህርቱ ያለው በባቡሩ ሳይሆን በሽቦው ላይ ነው። የጫማ ካርቶን ጣቢያ ይሆናል፤ መስኮትና በር ይቆረጥለታል። ሦስት የባትሪ ድንጋዮች ተከታትለው ሲገቡ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። አንዲት ነጭ ኤል ኢ ዲ ከ150 ኦም ሬዚስተርና ከትንሽ ማብሪያ ጋር ስትቀጠል ጣቢያው ይበራል። ግድግዳ የለበትም፣ ትራንስፎርመርም አያሻውም። ነገር ግን እንደ አዝራር ያለችውን ጠፍጣፋ ባትሪ አይጠቀሙ። ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለችና ከዋጣት ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ስፒናው መነቀሉን፣ ትራንስፎርመሩ መቀዝቀዙንና የተላጠ ሽቦ አለመቅረቱን። ልጅዎም፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ «እማዬ፣ ይህ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ሲጠይቅዎ «አባትህ ሲመጣ ጠይቀው» አይበሉት። ስፒናውን ይንቀሉና አጠገቡ ተቀምጠው አብራችሁ በጣት ተከተሉት።